ኪሺ ጣቢያን ከመዘጋት ያዳነው ማን ነው?

በጃፓን ዋካያማ ክፍለ ሀገር፣ በኪኖካዋ ከተማ የሚገኘው የኪሺ ባቡር ጣቢያ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው በአንዲት ድመት ነው። ታማ የተባለችው ይህች ባለ ሦስት ቀለም ድመት እ.ኤ.አ. በጥር 2007 የጣቢያው ሹም ሆና ተሾመች፤ በልኳ የተሰፋ ቆብም ተደረገላት። ከዚያ ወዲህ ጣቢያውን ያዳነችው እርሷ ናት የሚለው ትረካ ሥር ሰደደ። ትረካው ማራኪ ቢሆንም የታሪኩን ቅደም ተከተል ይገለብጣል።

ጣቢያው የተከፈተው በ1933 ሲሆን፣ ከዋካያማ ከተማ ተነሥቶ 14.3 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የኪሺጋዋ መስመር መጨረሻ ነው። መስመሩን ከ1961 ጀምሮ ያስተዳድር የነበረው ናንካይ የተባለው የግል ኩባንያ ነው። የግል መኪና እየተስፋፋ ሲሄድ የተሳፋሪው ቍጥር አሽቈለቈለ፤ ኪሳራው የበረታበት ኩባንያም በ2004 መስመሩን ለመልቀቅ መወሰኑን አስታወቀ።

ውሳኔው እንደ ተሰማ በመስመሩ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ መዋጮ ሰበሰበ፤ ባቡሩ እንዲቆይ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሊሳፈርበት እንደሚገባም ጎረቤቱን ቀሰቀሰ። የመንግሥት አካላትም ዝም አላሉም። ክፍለ ሀገሩ ባደረገው የገንዘብ ድጋፍ ሐዲዱ ያረፈበት መሬት ወደ ከተሞቹ ይዞታ ተዛወረ፤ ዋካያማና ኪኖካዋ ከተሞችም የመስመሩን ኪሳራ ለ10 ዓመት ለመደጎም ተስማሙ። ዋካያማ ኤሌክትሪክ ባቡር የተሰኘው አዲስ ኩባንያ ሚያዝያ 1 ቀን 2006 ሥራ የጀመረው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። የታማ ሹመት የመጣው ከዘጠኝ ወራት በኋላ ነው።

ሹመቱ ራሱ የርክክቡ ውጤት ነበር። በጣቢያው አጠገብ የነበረው የድመቶቹ ማደሪያ ከመሬቱ ዝውውር ጋር እንዲነሣ በመደረጉ፣ የድመቶቹ ባለቤት የሆኑት ባለ ሱቅ በጣቢያው ውስጥ ይጠለሉ ዘንድ አዲሱን ኩባንያ ለመኑ። ጣቢያው ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ያለ ሠራተኛ የቀረ ነበር። ስለዚህ ድመቷ የተሾመችው ሰው በታጣበት ወንበር ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን የታማ ድርሻ ኢምንት ነበር ማለት አይደለም። ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ ስባለች፤ የጣቢያው ሕንፃም በ2010 የድመት ፊት አስመስሎ እንደ ገና ተሠርቷል። በሰኔ 2015 ስትሞት እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰናብቷታል። ይሁን እንጂ ጎብኚ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ባቡሩ በየማለዳው የሚያስፈልገው ለተማሪው፣ ለሠራተኛውና ለአረጋዊው ነው።

እንግዲህ ከኪሺ ሊማሩ የሚሹ ትናንሽ ከተሞች ዓይናቸውን ከቆቡ ላይ ማንሣት ይገባቸዋል። ድመት መሾም ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው መሬቱን መረከብ፣ ኪሳራውን መካፈልና ሕዝቡን ማሳፈር ነው። ይህ ባይቀድም ኖሮ ታማ የምትሾምበት ጣቢያ ባልተገኘ ነበር።