የረሳ ሰው ማንን ይመን?

በጅማ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ውስጥ፣ ፈተና ካለቀበት ማግሥት ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ ዐይነት መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሻይ ፈስሶባቸዋል፤ ታሪኩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ ሰው ጧት ሲነቃ ስሙንም፣ ቤቱንም፣ ያገባውንም ሰው አያውቅም። አጠገቡ ያለው ሰው «እኔ የአንተ ነኝ፤ እመነኝ» ይለዋል። አንባቢውም «ይህ ሰው ይዋሽ ይሆን?» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል። እኛም አድረናል። በማግሥቱም በሁለት ሰዓት ትምህርት ላይ አንቀላፍተናል፤ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉን።

ልብ አንጠልጣይ ድርሰት ጊዜ ማጥፊያ ብቻ ነው ከሚሉት ጋር አንስማማም። ይህ ዐይነቱ ታሪክ የቆየ ዘር አለው። እንግሊዛዊው ፓትሪክ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1938 «ጋስ ላይት» የተባለውን ቴአትር ሲጽፍ፣ ባል ዕቃ እየደበቀ «አንቺ ነሽ የረሳሽው» እያለ ሚስቱን ከአእምሮዋ ለማውጣት ሲጥር አሳይቷል። ኤስ. ጄ. ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ሴትዮዋ እንቅልፍ ከወሰዳት ትናንት ከእርስዋ ስለሚጠፋ በስውር ማስታወሻ ትይዛለች፤ ባልዋን እንዳታምን የሚያስጠነቅቅ ቃልም በገዛ እጇ ተጽፎ ታገኛለች። መጨረሻውን አንናገርም። መጽሐፉ አሁን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ተራ ይጠበቅ።

ቅሬታችን ሌላ ነው። እነዚህ መጻሕፍት አንባቢውን ሁልጊዜ ከረሳው ሰው ጎን ያስቀምጡታል። ባልየውን ሆኖ የሚያነብ የለም። ስለዚህ መጽሐፉን ከድነን ስንነሣ ሁላችንም ራሳችንን ንጹሕና የተበደልን አድርገን እንቈጥራለን፤ «ሰው አይታመንም» እያልንም በየካፌው እንፈላሰፋለን። በኑሮ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን የምንቆመው በሌላው ወገን ነው። ለረሳው ሰው የሆነውን የምንነግረው እኛ ነን።

ነገሩን በገዛ ራሳችን ብናስረዳ ይሻላል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ የቡና ለቀማው በደመቀበት ጊዜ፣ አራት ሆነን ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አጋሮ ሄድን። ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰብ በጎማ ወረዳ ቡና አለው። ሁለት ቀን እሸት ስንለቅም ዋልን። በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማው ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። ሦስታችን አቧራችንን አራግፈን ተነሣን፤ አራተኛው ግን ጭንቅላቱን ተመቶ ነበር። በየአምስት ደቂቃው «ቦርሳዬ የት አለ?» እያለ ይጠይቀናል፤ ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን ተኝቶ ደኅና ሆኖ ወጣ። እነዚያ ሁለቱ የለቀማ ቀናት ግን ከአእምሮው ጠፍተው ቀሩ፤ ሐኪሙም ላይመለሱ ይችላሉ አለን።

መኝታ ቤት በገባ በሳምንቱ፣ ሥራ ፈትነት የማያመጣው ነገር የለምና፣ «ለመሆኑ ለዚያች ልጅ ሰዓትህን ሰጥተህ ቃል መግባትህንም ረሳኸው?» አልነው። ሰዓቱ በአደጋው ጊዜ ወድቆ የቀረ ነው። ሳቀና «ተዉኝ እባካችሁ» አለ። እኛ ግን አልተውነውም። አንዳችን ልጅቱ ቢጫ ሻሽ ማሰሯን ጨመረ። ሌላው እናቷ ቡና በጨው አፍልታ እንደ ሰጠችው ጨመረ። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ራሱን ብቻ እየነቀነቀ መሰከረ፤ ከሁላችን የከፋው ምስክር እሱ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት «ሻሹ ትዝ አለኝ» አለን። ያን ጊዜ ልናቆም ሲገባን ይበልጥ ሳቅን። አንድ ቅዳሜ ጧት አልጋው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ለካ ከኪሱ ገንዘብ ቆጥቦ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቶ፣ የልጅቱን ወላጆች ይቅርታ ሊጠይቅ አጋሮ ሄዶ ኖሯል፤ ተማሪ ስለ ሆነ ቃሉን ለጊዜው ሊፈጽም እንደማይችል ሊነግራቸው። ቤታቸውን እንዲያሳዩት የጓደኛችንን እናት ጠየቃቸው። እሳቸውም ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ እንዲህ ያለች ልጅ በዚህ ሰፈር የለችም። አንተ ሁለቱንም ቀን ከኔ ጋር እሸት ስትለቅም ነው የዋልኸው፤ ቅርጫትህም ከሁሉ ያነሰ ነበር» አሉት።

ተመልሶ መጣ። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ከዚያ ወዲህ ግን «ትምህርቱ በስምንት ሰዓት ነው» ብንለው ሰሌዳውን ሳያይ አይሄድም። «እናትህ ደውለው ነበር» ብንለው ራሱ ደውሎ ይጠይቃል። ደብተርም ይዟል።

ሥነ ልቦና የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ብንነግራቸው አልተደነቁም። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ለ24 ሰዎች ከእውነተኛ የልጅነት ታሪካቸው ጋር ተቀላቅሎ «ትንሽ ልጅ ሳለህ ገበያ ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል ሐሰት ቢነገራቸው፣ ከአራቱ አንዱ ያህል በሙሉም ሆነ በከፊል ማስታወስ ጀመሩ። ሐሰቱ የቀረበላቸውም ከዘመድ እንደ ተገኘ ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ጓደኛችን ሞኝ ስለ ሆነ አልተታለለም፤ ስላመነን ነው የተታለለ።

ደግሞም መጻሕፍቱ እንደሚሉት ስሙን የሚረሳ ሰው ብርቅ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ለሚጥል በሽታ አንጎሉን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ስሙንና ልጅነቱን ያውቅ ነበር። የጠፋው አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታው ነው። ለብዙ ዓመት ያጠናችውን ብሬንዳ ሚልነርን በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስም የኖረው ሌሎች በሚነግሩት ላይ ተደግፎ ነው።

ይህን የምንጽፈው ደራስያንን አንድ ነገር ለመለመን ነው። የባሕር ማዶው ታሪክ የተዘጋ ቤት ይፈልጋል፤ አንድ የሚረሳ፣ አንድ የሚያስታውስ፣ የተቆለፈ በር። በአጋሮ፣ በየቡ ወይም በሊሙ ገነት እንዲህ ያለ ቤት ከየት ይመጣል? ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ከመከር በፊት የተወሰደ ብድር በቡና ሲከፈል የሚያስታውሰው ምስክር ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር የረሳውን ሰው አንድ ባል ብቻውን ሊያታልለው አይችልም፤ ለማታለል ሰፈሩ በሙሉ መስማማት አለበት። እኛ ማንበብ የምንሻው ይህንኑ ስምምነት የሚገልጥ ልብ ወለድ ነው፤ ከተቆለፈው በር ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነውና።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በፊልም ወደዚህ ተጠግቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን የተማረው አንበርብር እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል፤ ያለፈው ነገር በቅዠት እየተቈራረጠ ይመጣበታል። እዚያ የሚዋሽ ባል የለም፤ የደርግ ዘመን አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጊዜ የሆነውን «አናንሣው» ብለው የተስማሙ ቤተ ሰቦች በየከተማው እንዳሉ ከወላጆቻችን ዝምታ እናውቃለን። ይህን በጅማ አካባቢ ሰዎች አፍ የሚጽፈው ማን ነው? የአእምሮ ሐኪሙ ምሕረት ደበበ «የተቆለፈበት ቁልፍ» የተባለ ልብ ወለድ ስለ ጻፉ፣ የጤና ተማሪዎቻችን «እኛ ለድርሰት አልተፈጠርንም» ብለው ሊያመልጡን አይችሉም። የሚጽፍ ቢገኝ ግን ታሪኩን በረሳው ሰው አፍ ሳይሆን፣ ራሱን እየነቀነቀ በመሰከረው በሦስተኛው ልጅ አፍ ይጻፈው።

ይህን ጽሑፍ ከማባዛታችን በፊት ለጓደኛችን አሳየነው፤ ያለ ፈቃዱ ሊወጣ አይገባምና። ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይውጣ አለ፤ ስሙ ግን እንዳይጠቀስ። አንድ እርማትም ሰጠን፤ «ሻሹ ቢጫ አልነበረም፤ አረንጓዴ ነው» አለን።

ቢጫ ብለን እንዳለ ትተነዋል።