የላይክ ብዛት የሕዝብ ድምፅ ነውን?



ስልካችሁን ስትከፍቱ ፊት ለፊት የምታገኙት ዜና ከሌላው በላይ ለምን እንደ ተቀመጠ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙ ጊዜ አርታኢ መርጦት አይደለም። ብዙ ሰዎች ላይክ ስላደረጉት፣ ለሌላው ስላስተላለፉትና አስተያየት ስለ ጻፉበት ነው። ይህ አሠራር ለፖለቲካ ቅስቀሳ ትልቅ መሣሪያ ሆኗል። እኛ አማኞችም ሳናስተውል መሣሪያውን ስለምንይዝ ጉዳዩን ቀረብ ብለን ልንመረምረው ይገባል።

አሠራሩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2004 ዲግ፣ በ2005 ደግሞ ሬዲት የተባሉ ድረ ገጾች ተጀመሩ። ዜናውን የሚያቀርበው አንባቢ ነው፤ በድምፁ ወደ ላይ የሚያወጣውም ወደ ታች የሚያወርደውም እርሱው ነው። በ2007 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት የሮን ፖል ደጋፊዎች በዚህ መንገድ የእጩአቸውን ስም ደጋግመው ከፊት አወጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኢንተርኔት በአንድ ቀን ብቻ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰበሰበላቸው። ሆኖም ሮን ፖል የፓርቲያቸው እጩ እንኳ ሳይሆኑ ቀሩ። በ2010 ደግሞ በዲግ ላይ ተደራጅቶ የማይወደውን ዜና አብሮ የሚቀብር ቡድን ተጋለጠ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ገንዘብና ጣቢያ የሌለው ሰውም ሊደመጥ ይችላል፤ ይህ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ የተደራጁ ጥቂቶች ብዙ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህ አደገኛ ነው።

በአገራችንስ?

በምርጫ 97 ቅስቀሳው በሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ከምርጫው በኋላ አገልግሎቱ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር። ከዚያ ፌስቡክ፣ ትዊተርና ቴሌግራም ተተኩ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በየጎራቸው ተሰልፈው አስቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ በተመሳሳይ ሰዓት ይለጥፉ ጀመር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ትዊተር ጉዳት እንዳይደርስ በማለት በኢትዮጵያ ብዙ የሚነገርባቸውን ርዕሶች የሚያሳየውን ክፍል ለጊዜው ዘጋ።

በዚያው ወር በባሕር ዳር የኬሚስትሪ መምህሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚከሱ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ስለ ኩባንያው ይፍረድ። ግን ያን ጽሑፍ ላይክ ያደረገ፣ ለሌላው ያስተላለፈ ሰውስ በእግዚአብሔር ፊት ምን ይላል?

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የት አሉ?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በቡሬ መስመር ስትሄዱ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ታገኛላችሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪል ተናገሩ።

እንግዲህ አስተውሉ። በእነዚያ ቀናት ስለ ጎጃም ሕዝብ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ተባለ። ነገር ግን ቤተ ሰቡን የቀበረው የፍኖተ ሰላም ሰው፣ በቆሎውን ጭኖ ቡሬ ገበያ መውጣት የፈራው ገበሬ አንዲት ላይክ እንኳ መስጠት አይችልም ነበር። በስሙ የተቆጠረው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። የላይክ ብዛት የሚነግረን መስመር ያለው ሰው ምን እንደሚል ነው፤ ሕዝቡ ምን እንደሚል አይደለም።

የእግዚአብሔር ቃል ምን ይላል?

ዘጸአት 23፡1-2 ሐሰተኛ ወሬን እንዳንቀበል፣ ብዙዎችንም ተከትለን ክፉ እንዳናደርግ ያዘናል። በሐዋርያት ሥራ 19 የኤፌሶን ሕዝብ ሁለት ሰዓት ያህል ጮኸ፤ ከተሰበሰቡት የሚበዙት ግን ለምን እንደ ተሰበሰቡ አያውቁም ነበር። የቤርያ ሰዎች ግን የሰሙትን መርምረው ተመሰገኑ (ሐዋ. 17፡11)።

ደግሞም በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአማራ ክልል ወንጌላውያን ከመቶ አንድ እንኳ አንሞላም። እውነት በቁጥር የሚወሰን ቢሆን ኖሮ እኛ የት በቆምን ነበር?

ምን እናድርግ?

1. ዜናውን ከማስተላለፋችን በፊት ማን እንዳለው፣ መቼና የት እንደ ሆነ እንጠይቅ። “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” ይሉ የለ አባቶቻችን?

2. መስመር ሲኖር በስፍራው ላለ ዘመድ እንደውል፤ ስሙን አውጥተን ግን አደጋ ላይ አንጣለው።

3. የሰው ስም፣ ፎቶ ወይም አድራሻ ይዞ የሚከስ ጽሑፍ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ከእኛ አይለፍ።

4. የተበደለው የእኛ ወገን ባይሆንም ለእውነት እንቁም። ዝምታ ሁሉ ጽድቅ አይደለም፤ መናገር የሚገባንን መርምረን እንናገር።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ ስም ለሚጠራው ከተማ ሕዝብ፣ ለቡሬና ለገጠሩ ሁሉ ጌታ ሰላሙን ይስጥ። ለእኛም ከመጫናችን በፊት የምናስብበትን ማስተዋል ይስጠን። አሜን።