«ዳነች» ብላችሁ ክኒኑን አትደብቁ

ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ በየቤታችን ያለ ኀፍረት እናወራለን። ክኒናችንን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጠን እንግዳ ፊት እንውጣለን። ወደ አእምሮ ሕመም ሲመጣ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ መድኃኒቱም ከቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ይገባል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ይህንኑ የሚደበቀውን ክኒን ነው።

አንዲት የምናውቃቸው እናት አሉ። ልጃቸው ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት እንቅልፍ አጣች። ጎረቤቶች በግድግዳው በኩል የሚሰድቧት፣ ሬዲዮውም ስለ እሷ የሚያወራ ይመስላት ጀመር። ከብዙ መንከራተት በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች፤ መድኃኒትም ታዘዘላት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሳቋም ተመለሰ።

ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ ሽማግሌዎች መጡ። እናትየው ተደሰቱ፤ ወዲያውም ደነገጡ። «መድኃኒት የምትውጥ ናት ከተባለ ልጄ ቆማ ትቀራለች፤ ደግሞስ ድናለች» ብለው ክኒኑን ከእጇ ወሰዱ። የመጀመሪያው ወር በደህና አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። እናትየው «መድኃኒቱ ድሮም አያስፈልጋትም ነበር» አሉ። በሦስተኛው ወር እንቅልፏ ጠፋ፤ የሠርጉ ቀን ሳይደርስም ልጅቱ ሆስፒታል ተኛች።

እኚህ እናት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያደረጉትን ያደረጉት ለልጃቸው ሲሉ ነው። ያሳታቸው በሽታው ወዲያው አለመመለሱ ነው። መድኃኒት በተቋረጠ ማግሥት ሕመሙ ቢያገረሽ ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ ግን ማቋረጡንና ማገርሸቱን የሚያያይዛቸው ሰው ይጠፋል። ምክንያቱ «የሰው ዓይን ነው» ወይም «ድግምት ነው» ይባላል።

ለመሆኑ መድኃኒቱ ምን ይሠራል? የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ሰው የሌለ ድምፅ እንዲሰማና ያለ ምክንያት እንዲጠራጠር በሚያደርጉ እንደ ስኪዞፍሬኒያ ባሉ ሕመሞች የዚህ ንጥረ ነገር ሥራ ከልክ ያልፋል፤ መድኃኒቱም ጋብ ያደርገዋል። ለዚህ ሕመም ፈር የቀደደው ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በፓሪስ ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሕሙማን ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ግቢ ተዘግተው ይፈጁ ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ ጎርፉን የሚገታ ግድብ ነው ማለት ነው። ውሃው ጸጥ አለ ተብሎ ግድቡ አይፈርስም።

«ታዲያ ዕድሜ ልክ ነው?» ትሉ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም። ሰውን ከሥራና ከምግብ የሚያርቀው ድባቴ ሲሆን፣ መድኃኒቱ መሻል የሚያሳየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከተሻለም በኋላ ዘጠኝ ወር ወይም አንድ ዓመት ያህል እንዲቀጥል ይመከራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል አለበት። ባይፖላር በሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ በሚጋልብበትና መልሶ በሚወድቅበት ሕመም ደግሞ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋቸውም ብዙዎች ናቸው። የሚቆምበት ቀን ሲደርስ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቋረጥም።

መድኃኒቱ ችግር የለበትም ማለታችን ግን አይደለም። አንዳንዱ ያስተኛል፤ አንዳንዱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፣ አንገት ያጣምማል። አንዳንዱም የምግብ ፍላጎትን ክፉኛ ይጨምራል። በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚያ ጥናት ሕሙማኑና አስታማሚዎቻቸው መድኃኒቱ የሚቋረጥበትን ምክንያት ሲጠየቁ ከተናገሯቸው ነገሮች አንዱ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ረኀብ የሚያስታግስ በቂ ምግብ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው «ራበኝ» ሲል «ሆዳም ሆነ» ብለን አንቆጣው። ሽሮውና ቆሎው ከክኒኑ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። መንቀጥቀጡንና መድረቁን ደግሞ ሐኪሙ መጠን በመቀነስ፣ መድኃኒት በመለወጥ ወይም ማስታገሻ በመጨመር ሊያቀልለው ይችላል፤ ግን የሚያውቀው ከነገራችሁት ብቻ ነው። ክኒን መዋጥ ለሚረሳ ወይም ለሚሰለች ሰውም በየወሩ ገደማ የሚወጉት መርፌ አለ።

እናቶች በተለይ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት መድኃኒቷን በራሷ ማቆም የለባትም፤ ፈጥና ሐኪሟን ታማክር። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንስን የሚጎዳ ስለሆነ አስቀድሞ በሌላ መለወጥ ይኖርበታል። ባይፖላር ያለባት ሴት ደግሞ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሕመሟ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ አራስ ቤት የሚገቡ ሴቶች እንቅልፏንና ንግግሯን ይከታተሉላት።

ጸበል የሚወስዱ ወገኖችም አሉ። እምነት ለታመመ ሰው ትልቅ ብርታት ነው፤ ጸሎቱንና ክኒኑን አብሮ መያዝም ይቻላል። ጾም የሚጾም ሕመምተኛ ሰዓቱን ለሐኪሙ ቢነግር የመድኃኒቱን አወሳሰድ አብረው ሊያመቻቹት ይችላሉ። የሚጎዳው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ክኒኑን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ፣ መስጠት ይልመድ። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለቀጣዩ ይዘጋጅ፤ «ነገ እገዛለሁ» ስንል ብዙ ቀን ያልፋል። ጫትና አልኮል መጠጥ ሕመሙን ያባብሳሉና ሕመምተኛው ይራቃቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽና ያለ ልክ መጠርጠር የማገርሸት መጀመሪያ ሊሆኑ ስለሚችሉ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ ክኒኑን እናንተ ቆልፋችሁ ያዙና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሕክምናው ዛሬ ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ በብዙ ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይገኛል።

የተነሣንባት ልጅስ? ሕክምናዋን እንደገና ጀምራ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ያ ጋብቻ ግን ቀርቷል። እናትየው ባለፈው ሰሞን ቡና ጠርተውን ሄደን ነበር። የልጅቱ ክኒን ከእናትየው የደም ግፊት ክኒን ጎን፣ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ አየነው። «ሌላ ሽማግሌ ቢመጣስ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እዚሁ ያገኘዋል» አሉን። «እያየ የሚወዳት ይወስዳታል፤ ደብቄ ከምድራት አጠገቤ ጤነኛ ሆና ብትኖርልኝ ይሻለኛል።»

ውድ አንባቢያችን፣ ከቤትዎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ክኒን ካለ ዛሬውኑ ያውጡት።