ከብድሩ በፊት እድሩ



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ለችግረኛ ሴቶች የሚሰጥ ድጋፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀበሌ ከሚያዘጋጀው የስም ዝርዝር ነው። ቀበሌ ደግሞ የሚያውቀው መታወቂያ ያላትን፣ ጎረቤት የሚመሰክርላትን ሴት ነው። ባሏን ሸሽታ ከገጠር የመጣችና ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጉልት የምትቸረችር ሴት መታወቂያ ላውጣ ስትል መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛው የሚገኘው ትታው ከመጣችው ቀበሌ፣ የባሏ ዘመዶች ካሉበት ነው። ተመልሳ እንዴት ትጠይቅ? ብድር ብትፈልግም የቡድን ዋስ ያስፈልጋታል፤ ለማያውቋት ሴት ደግሞ ዋስ የሚሆን የለም። እንዲህ ያለችን ሴት ከድጋፉ የሚያስቀራት ድህነቷ ሳይሆን ሰው ማጣቷ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ከገንዘቡ በፊት ሰው ያግኝላት እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ጥናት በ10 አገሮች ውስጥ 15 ቦታዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከሁሉም ቦታዎች ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነው። ከቤቷ የምትሸሽ ሴት ለምን እንደምትሸሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። መፍትሔውም ከዚሁ አገር አይርቅም። በሶዶ ወረዳ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከጤና ተቋም ሕክምና በተጨማሪ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ሲታከሉበት ሕሙማኑ የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን ለማከናወን የሚገጥማቸው ችግር በአንድ ዓመት ውስጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጉዳዩ ሌላ ቢሆንም፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚያንኳኳ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስረዳል።

ለዚህ ሥራ ከእድር የተሻለ ተቋም አላውቅም። እድር አባል ሲታመም ይጠይቃል፤ በወሩ ስብሰባ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ስሟ በየወሩ የሚጠራ ሴት ደግሞ ብትጠፋ የሚፈልጋት አላት። እንቅፋቱ መግቢያው ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የቀደሙት አባላት መዋጮ ስለሆነ አዲስ ገቢ ድርሻዋን ትጠየቃለች። ይህን መግቢያና የመጀመሪያውን ዓመት ወርኃዊ መዋጮ ድጋፉ ይሸፍን፤ ከዚያ በኋላ ቁጠባውና ብድሩ ይከተል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የተራበች ሴት የምትፈልገው ዳቦ እንጂ ስብሰባ አይደለም ይባላል። ልክ ነው፤ ዳቦው ዛሬውኑ ይድረሳት። ነገር ግን መንግሥት የሚሰጠው ዳቦ በጀቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ለዚህ ሥራ የልማት ቡድን አለ የሚሉም አሉ፤ እርሱ የሚደራጀው ግን በአባወራና በእማወራ ስለሆነ ተከራይዋን ይዘላታል። ከሁሉ የሚከብደኝ እድሮች የመንግሥት እጅ እንዳይሆኑ የሚለው ስጋት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ስለዚህ አባል መርጦ የሚቀበለው እድሩ ራሱ ይሁን፤ የሴቶች እድር ባለበትም ቅድሚያው ለእርሱ ይሰጥ። ቀበሌዎችም በበኩላቸው መሸኛ ለሌላት ሴት በመሸኛው ፋንታ የእድሯን ምስክርነት ተቀብለው ይመዝግቧት።

አንድ አንባቢ፣ ከወልቂጤ