ሰኔ ሳይገባ ንቁ

ግንቦት ሊያልቅ ነው። የሒሳብ፣ የባንክና የኦዲት ሰዎች፣ የምጠራው እናንተን ነው! ሰኔ 30 መዝጊያ ነው፤ ከአሁኑ ለቤተሰባችሁ "እስከ ሐምሌ አትጠብቁኝ" ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ስምንት ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ማምሸት ለእድገት የሚከፈል ዋጋ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ማምሸቱ የሚበላው ያንኑ እድገት ነው።

አንዱን ሌሊት ልንገራችሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰው ቀርተናል፤ ቡናው ስኒው ሥር ደርቋል። የባንክ ማስታረቂያው በ27,000 ብር አልገጥም አለ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ በመጀመሪያ የተገላበጠ አኃዝ እንደሚፈለግ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቫውቸር ሳገላብጥ ቆየሁና ልዩነቱን "ለጊዜው" ብዬ ሌላ ሒሳብ ላይ አሳርፌው ወጣሁ። ያገኘው ኦዲተሩ ነው፤ 63,000ውን 36,000 ብዬ መዝግቤው ኖሯል። እንቅልፍ የጠገበ ጀማሪ በአምስት ደቂቃ የሚያየው ስህተት ነበር። በዚያ ዓመት ስጠብቀው የነበረው የክፍል ኃላፊነት፣ በ11 ሰዓት ተኩል ቦርሳዋን አንግታ ለምትወጣው ባልደረባዬ ተሰጠ። ተናድጄ ነበር። ግን በእሷ ፋይል ላይ አንድም ጥያቄ አልተነሳም።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የሠሩትን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ መዝገብ የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ጆን ፔንካቬል መልሶ መርምሮታል። በሳምንት 70 ሰዓት ተሠርቶ የተመረተው በ56 ሰዓት ከተመረተው እምብዛም አይበልጥም። አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ቆመው የደከሙት በከንቱ ነው።

ጤናውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት ዕድሉ 35 በመቶ ይጨምራል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በሳምንት 48፣ ትርፍ ሰዓቱን ቢበዛ 12 ያደርገዋል። ደምሩት፤ 60 ነው። ሕጉን ሳንጥስ እንኳ አደጋው ውስጥ ገብተናል ማለት ነው። ከዚያም በላይ የሚያመሸው ምን ሊሆን ነው?

ልጄ ማታ ስልኬ ሲጮኽ "አባዬ፣ ቢሮ ነው?" ብላ ተረቷን ታቋርጥ ነበር። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ መጽሐፉን ዘግታ ሄደች። ከኦዲተሩ ደብዳቤ ይልቅ ይህ ነው ያስደነገጠኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ የመዝጊያው ሥራ ሳይጀመር፣ ከክፍላችሁ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ማን በየትኛው ቀን በ11 ሰዓት ተኩል እንደሚወጣ ተራ አውጡ። ማታ የተሠራ ማስታረቂያ ጠዋት ሌላ ሰው ሳያየው አይፈረም። አለቆች፣ በቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ "አስቸኳይ" እያላችሁ አትላኩ፤ የምትቀበሉት የተሳሳተ ቁጥር ነው። የዓመት ፈቃዳችሁንም በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጁ ፈቃድን ለመተው የሚደረግ ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል፤ ማስተላለፍም ቢሆን ከሁለት ዓመት አያልፍም። "ሐምሌ ላይ እናየዋለን" ካሏችሁ፣ ቀኑ ተጽፎ ይሰጠኝ በሉ።