አይሠራም ካሏችሁ፣ ተዉት

በአንድ ወቅት የራዲዮ ሆድ ከፍታችሁ እንጀራ የበላችሁ ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ለልጆቻችን አይደለም፤ ልጆቻችን የሚሰሙት ሌላ ሰው ነው። መርካቶና ፒያሳ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በር ከምታህል ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ፊሊፕሱንና ናሽናሉን ስንፈታ ያደግን፣ አሁን ደግሞ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ስንነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ ስንጠብቅ ጸጉራችን የነጣ ሰዎች ነን። ሥራውን ብንተወውም እጃችን አልተወውም። ሠፈሩ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኛ ያመጣል። ሰሞኑን ከሚመጡት መካከል አንዱን ግን እንዳትነኩ ልለምናችሁ ነው የጻፍኩት።

ዕቃውን አይታችሁታል። የመዳፍ ርዝመት ያለው የነሐስ ወይም የመዳብ ቱቦ ነው። ከሥሩ የሚጫኑት ማብሪያ አለው፤ ከአናቱ ጥጥና ጥምጥም ሽቦ የተቀመጠባት ትንሽ ጽዋ አለች። ልጆቹ ከሌላው ቬፕ፣ ማለትም ከሌላው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ለይተው ሜካኒካል ሞድ ይሉታል። አንዳንዱ የተገዛ ነው፤ አንዳንዱን ልጆቹ ራሳቸው ቱቦ አስቆርጠው፣ ሽቦ ጠምጥመው የሠሩት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው የድሮ የእጅ ባትሪ መሰለኝ፤ አምፖሉ ወጥቶ ሽቦ የገባበት። እውነትም ከዚያ የተለየ ነገር የለውም። ቦርድ የለ፣ ቺፕ የለ፣ ፊውዝ የለ። ባትሪ፣ ማብሪያ፣ ሽቦ፣ በቃ። እኛን የሚያታልለን ይኸው ነው። ልጁ ስልኩን ሲያመጣልን እናፍራለን፤ ውስጡ ለዓይናችንም ለእጃችንም አይሆንም። ይህን ሲያመጣልን ግን ዓይናችን ይበራል። ደግሞ የምናውቀው ነገር መጣ እንላለን።

አናውቀውም። ማስጠንቀቂያዬ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

እኛ የምናውቀው ባትሪ ድንጋይ ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል። የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ባስ ሲልም በጥርሳችን ነክሰን መልሰን እንከተው ነበር። ክፉ ቢያደርግ እንባውን አፍስሶ የራዲዮኑን ኮንታክት ያዝግ እንደሆነ ነው። ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ብታገናኘው ሞቅ ብሎ ይሞታል። በዚህ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ግን ሊትየም አዮን ነው። ሶኒ ይህን ባትሪ ለገበያ ያወጣው በፈረንጆች 1991 ነው፤ ደርግ በወደቀበት ዓመት። ያኔ አብዛኞቻችን ሱቃችንን ዘግተን ተበትነን ነበር። ሙያችን የቆመው ይህ ባትሪ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እኛ ግን የቆመ አልመሰለንም።

ሌላም ልማድ አለን፣ የምንስቅበት። ፊውዝ ሲቃጠል ምን እናደርግ ነበር? ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የምትወጣዋን የብር ወረቀት ጠቅለል አድርገን ፊውዙ ላይ! ደንበኛው ራዲዮው ሲጮህለት ይመርቀናል፣ እኛም ሒሳባችንን እንቀበላለን። ፊውዙ ለምን ተቃጠለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሥራችን ያልሠራውን ማሠራት ነበር። በሜካኒካል ሞድ ግን የብር ወረቀቷ ገና ከፋብሪካው ገብታለች፤ የሚቀር የሚቃጠል ፊውዝ የለም። ከባትሪው ቀጥሎ ያለው የሰው ጣትና የሰው ከንፈር ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት አንዱን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አይሠራም» አለኝ። ፈታሁት። ማብሪያው ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ አበራሁት። ባትሪው ደግሞ የደከመ መሰለኝ። እኔ ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ከአሮጌ ላፕቶፖች ፈትቼ ያወጣኋቸው ባትሪዎች የተሞሉበት። ምንም የማይጥል ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። በእነዚያ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያሉት ባትሪዎችና ብዙዎቹ ቱቦዎች የሚጠቀሙባቸው በመጠን አንድ ናቸው፤ 18650 ይሏቸዋል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ልክክ ብሎ ገባ። ልክክ ብሎ የገባ ነገር ልክ ነው ብሎ ማመን የሙያተኛ በሽታ ነው።

ሒሳቡን ሳልሠራ አልተውኩም። ቴስተሬን አውጥቼ ጥምጥሙን ለካሁት፤ 0.4 ኦም አለኝ። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ሲካፈል 10.5 አምፔር። ትንሽ በዛ፣ ግን ለአፍታ ቢሆን ችግር የለም ብዬ ገጥሜ ሰጠሁት። ልጁ ተጫነው፣ ጢሱ ተግ አለ፣ ደስ አለው። እንደገና ተጫነው። ከዚያ «ሞቀኝ» አለ። ከእጁ ተቀበልኩት፤ ቱቦው እሳት ላይ የቆየ ምጣድ ሆኗል። ጣቱን አንስቷል፣ ማብሪያው ግን አልተመለሰም። የማብሪያው ሞላ በሙቀቱ ለዝቦ ተኝቷል፤ ዕቃው ማንም ሳይጫነው እየሠራ ነው። የሰገነቱ በር ክፍት ባይሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ እስካሁን አላውቅም። ሲሚንቶው ላይ ወርውሬው በሩን ሳልዘጋ ፉጨት ሰማሁ፤ ከዚያ ነጭ ጢስ፣ ከዚያ እሳት። ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታው መጋረጃው ላይ ሳምንት ቆየ። መዳፌ ላይ የቀረውን ጠባሳ ሰላም ስትሉኝ ታገኙታላችሁ።

ማታ እንቅልፍ ሲያጣኝ ቴስተሬን አንሥቼ ሁለቱን ዘንጎቹን እርስ በርስ አነካኳቸው። ዜሮ ማለት ነበረበት። 0.3 አለ። ገመዶቹ ብቻቸውን 0.3 ኦም ይይዛሉ! ራዲዮ ስንጠግን ይህ ምንም አይደለም፤ የምንለካው በመቶና በሺህ ኦም ነበርና። እዚህ ግን 0.4 ብዬ ያነበብኩት ጥምጥም በእውነት 0.1 ነበር። 4.2ን ለ0.1 አካፍሉት፤ 42 አምፔር። ባትሪው ደግሞ ለላፕቶፕ፣ ሁለትና ሦስት አምፔር በእርጋታ እንዲያወጣ የተሠራ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ተብለው የሚሠሩት ጠንካሮቹ እንኳ ያለማቋረጥ የሚችሉት ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው። አርባ ዓመት ያመንኩት መሣሪያ አልዋሸኝም፤ ያልተሠራበትን ነገር የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ስለ ባትሪው አካል አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህንንም ከድንጋዩ ጋር አንድ አድርገን እናስባለን። የዚህ ባትሪ ፖዘቲቭ መሃል አናቱ ላይ ያለችው እምብርት ብቻ ናት። የቀረው ገላው በሙሉ፣ እምብርቷን የሚከበው የትከሻው ጠርዝ ሳይቀር፣ ነጌቲቭ ነው። የሚለያያቸው ቀጭን ቀለበትና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የፕላስቲክ ልባስ ነው። ልባሱ በጥፍር ያህል ከተላጠና ብረት ቱቦ ውስጥ ከገባ ሾርት ነው። አንዳንዶቹ ቱቦዎች ደግሞ የላይኛው ጽዋ ፒን በቀጥታ ባትሪው ላይ እንዲያርፍ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ ፒኑ ወጣ ያለ ካልሆነ የጽዋው ብረት እምብርቱንና ትከሻውን አንድ ላይ ይነካል። ያኔ ጥምጥሙ ስንት ኦም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ጅረቱ ወደ ጥምጥሙ አይደርስም። ልጁ «ጠብቆ አልገባም» ብሎ ቢያመጣላችሁና እናንተ ፒኑን በሞረድ ብታስተካክሉለት፣ የሞት መንገድ ጠረጋችሁለት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማቆም አይቻልም። በውስጡ ያሉትን ሁለት ወገኖች የሚለያይ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ሙቀቱ እሱን ሲያቀልጠው እሳቱ ራሱን መመገብ ይጀምራል። ጨርቅ ብትጥሉበት አይታፈንም፤ ኦክስጅንን ከራሱ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ካጣ ደግሞ ቱቦው ቱቦ መሆኑ ያበቃል። አንድ ጫፉ የተደፈነ ብረት፣ ውስጡ የታመቀ ጋዝ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ሰው ፊት የዞረ፤ ይህን ስሙን እናንተው አውጡለት። ልጆቹ በቤት የሚሠሩት ቱቦ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ሲቀር ብዙ ጊዜ «ለቁንጅና» ነው የሚሉኝ።

ሩቅ አይምሰላችሁ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ በመገናኛ ብዙኃን የተዘገቡትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እሳቶችና ፍንዳታዎች ቆጥሮ 195 አግኝቶ ነበር። ከእነዚያ 61ዱ ኪስ ውስጥ የደረሱ ናቸው፤ ዕቃው ራሱ ወይም ትርፍ ባትሪው እዚያ ተቀምጦ። እስከዚያ ድረስ የሞተ አልነበረም። በ2018 ሜይ ላይ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ አንድ የ38 ዓመት ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቺፕ የሌለው ቱቦ ፈነዳበት፤ ስብርባሪው ራስ ቅሉ ውስጥ ገብቶ ገደለው። በ2019 ጃንዋሪ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ የ24 ዓመት ልጅ ቬፕ ሲያጨስ ዕቃው ፈንድቶ ፍንጣሪው የአንገቱን ደም ሥር ቆረጠው፤ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ አረፈ። ሃያ አራት! የኔ የእህት ልጅ ሃያ ሁለት ነው።

በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ ሲጋራውን ትቶ ወደዚህ ገባ ብሎ ደስ የሚለው አባት አለ፤ ከእኛም መሃል ታክሲው ውስጥ ሲጋራ ትቶ ቬፕ የያዘ አለ። በዚህ አልገባም። ጢስ ስለሚሆነው ፈሳሽም፣ ቤት ውስጥ ስለሚቀላቀለውም ብዙ አልልም፤ ከ2019 እስከ 2020 ፌብሩዋሪ በዚህች አገር በቬፕ ሳምባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡትና የሞቱት 2,807 ደርሰው ነበር፣ ከእነሱ 68ቱ ሞተዋል፤ አብዛኛው ከመንገድ ከተገዛ፣ ማን እንደቀላቀለው ካልታወቀ የካናቢስ ዘይት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የሚናገር ሐኪም አለ። እኔ የምናገረው የእኛን ድርሻ፣ የጠጋኙን ነው።

ደግሞ ሻንጣ አለ። አገር ቤት ስንሄድ ልጆቹ «ለእገሌ ስጥልኝ» ብለው የሚያሸክሙን ነገር መጨረሻ የለውም። እንዲህ ያለ ዕቃ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማድረግ በአሜሪካ ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሣ ጭነቱ ጋ የሚደርስ ሰው የለምና። አዲስ አበባ ሲደርስም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በእኛ አቆጣጠር) የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንግድን ከልክሏል። ለአንድ ቱቦ ብላችሁ ከሁለት አገር ጋር አትጣሉ።

እንግዲህ ልጁ «አይሠራም» ብሎ ሲመጣ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። የማይሠራው ሜካኒካል ሞድ ደህናው ሜካኒካል ሞድ ነው። ማብሪያው ሞቆ ከሆነ፣ ልባሱ ተልጦ ከሆነ፣ ጥምጥሙ አልግል ካለ፣ ዕቃው በሚችለው ቋንቋ እየነገራችሁ ነው፤ አፉን አትዝጉት። ባትሪውን አውጡ፤ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ፤ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፣ አሮጌ ባትሪ የሚቀበሉ ሱቆች ጋ ውሰዱት። በላዩ ላይ 5000 ወይም 9900 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ካገኛችሁ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑን ዕወቁ፤ በዚህ መጠን የታወቁት ፋብሪካዎች ለዓመታት የሠሩት ከ3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አላለፈም። ልጁ አልተውም ካለ፣ ቢያንስ ቺፕ ያለውን ይያዝ፤ ያኛው ሬዚስታንሱን ራሱ ለክቶ እምቢ ማለት ይችላል። እኛ እምቢ ማለት ያልለመድነውን።

የብስኩት ቆርቆሮዬን ባዶ አድርጌዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የድሮ የሙያ ጓደኛዬ፣ እናንተም የምታውቁት፣ የልጁን ቱቦ ይዞ መጣ። «ኮንታክት ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅብህም» አለኝ። ባትሪውን አውጥቼ በፕላስተር ጠቅልዬ ኪሱ ሳይሆን የወረቀት ከረጢት ውስጥ አደረግኩለት፤ ቱቦውን እንዳለ መለስኩለት። የድሮውን እያነሣ፣ ስንት ነገር አብረን እንዳሠራን እየቆጠረ ለመነኝ። አልነካውም አልኩት። እስካሁን አኩርፎኛል፤ ስልኬንም አያነሣም።