አዲሱ የቆርቆሮ ቤት ጭሱ በየት ይውጣ?

በወልድያ ዙሪያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ቆርቆሮ የሚያለብስ ገበሬ በዝቷል። ደግ ነው። ቆርቆሮ በየጊዜው ሣር ፍለጋ አያስኬድም። ቤት ሠሪው ግን አንድ ነገር ይረሳል። የሣር ክዳን ጭስን በየቀዳዳው ያሳልፋል። ቆርቆሮ አያሳልፍም። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይመታል፤ ይቀዘቅዛል፤ ተመልሶ ምጣድ ላይ ባጎነበሰችው እናትና በጀርባዋ ባዘለችው ልጅ ላይ ይወርዳል።

«መስኮት አለን እኮ» የሚል ይኖራል። አንድ መስኮት አይበቃም። ጭስ እንዲወጣ ንጹሕ አየር መግባት አለበት። መግቢያው ዝቅ ይበል፤ መውጫው ከጣራው ሥር ከፍ ይበል። ነፋስ ከየት እንደሚነሣ ለገበሬ ማን ይነግረዋል? አውድማ ላይ በላይዳ እህል ሲያናፍስ ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ያያል። በቤትም ነፋሱ ከመኝታው ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ውጭ እንዲሄድ ይደረግ።

ሽማግሌዎች ጭስ ጣራን ከነቀዝ ይጠብቃል ይላሉ። ለሣርና ለእንጨት እውነት ነው። ለሕፃን ሳንባ ግን መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር።

«ነፋስ ይመታናል» የሚለውም ፍርሃት አለ። በተለይ አራስ ቤት ይዘጋል። አራሷን ከነፋሱ መንገድ ዞር አድርጎ ማስተኛት ይቻላል፤ ቤቱን ግን መድፈን አይገባም። ብርድ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ መተኛት ደግሞ የባሰ ነው። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር ወባ ስላለ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። ጭስ ትንኝ ያባርራል ብሎ አጎበር መተው አይሆንም።

ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጭሱም ያንሳል። ቢሆንም ቀዳዳው አይቀርም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስለ ቤቱ ከአናጢው ጋር የሚመክረው አባወራው ነው። በሩ ወደ መንገድ ይዙር ይላል፤ ቆርቆሮውን ይቆጥራል። ጭሱን የምትጠጣውን ማን ጠየቃት? ማገሩ ሳይታሰር፣ ጭቃው ሳይመረግ፣ ምድጃዋ የት እንደሚሆን፣ መስኮቱም በየት እንደሚከፈት የምትጋግረው ትናገር። ቆርቆሮው በሚስማር ከተመታ በኋላ ቢቀደድ ዝናብ ያስገባል።

ቤቱ አልቆ ከሆነስ? ማድ ቤት ለብቻው ይቁም። ለእሱ የሣር ክዳን ይበቃል። ግድግዳው ከጣራው ሥር አንድ ክንድ ያህል ሳይመረግ ይቅር። እሳት ቢነሣ እንዳይዛመት ከዋናው ቤት ራቅ ይበል።